ከሰል ሞልቶ የሚጣድ ሲጠፋ

ሽታዬን የሚያውቁ ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር፣ እግዜር ምላሷን ሲሠራ ልጓም ማበጀቱን መርሳቱ ነው። ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለች መንደር ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ወልዳ የኖረች፣ በአገውኛ ተሳድባ በአማርኛ የምትታረቅ ሴት ናት። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ የጠየቃት ሰው፣ «ስድብ በእናት አፍ ካልሆነ ጨው የለውም፤ እርቅ ግን የሽማግሌ ሥራ ስለሆነ በየትኛውም አፍ ቢወራ እንቅልፍ ያመጣል» የሚል መልስ ያገኛል።

ባሏ ትዕዛዙ ይባላል። ስም ያወጡለት ሰዎች ሲያድግ ቤቱን ያዝዛል ብለው ነበር መሰል፤ ሲያድግ ግን ታዛዥ ሆኖ አረፈው። የማይነኩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእርሻው። በሬዎቹን ከልጆቹ ቀድሞ ያበላል። ሞፈርና ቀንበሩን ከዝናብ እየሸሸገ እሱ ራሱ ይበሰብሳል። ትልሙ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ስለሆነ መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። ችግሩ መሬቱ ይህን ሁሉ ፍቅር አለመመለሱ ነው። ገብሱ ከአፈር ብቅ ሲል ደህና ይመስልና ቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ ዓመት የዘሩትን ያህል እንኳ አይመልስም። ዝናቡም በበኩሉ እንደ ሰካራም ባል ሆኗል፤ ሲያሻው በግንቦት ሳይጠሩት መጥቶ በር ይደበድባል፣ ሲያሻው ሐምሌ ተጋምሶ እንኳ የት እንዳደረ አይታወቅም፣ ሲመጣ ደግሞ በረዶ ይዞ ይመጣል።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሰውነት የሚባል ቀጭን፣ ጨዋ ወጣት ነው። አንድ ቀን ከማሳው አፈር ዘግኖ በመዳፉ እያሸ፣ «እትዬ ሽታዬ፣ አፈሩ ኮምጥጧል። ኖራ ያስፈልገዋል» አላት።

«እኔ የኮመጠጠ ነገር ስደፋ ነው የኖርኩት» አለችው። «መሬት የት እንደሚደፋ ንገረኛ!»

ኖራው እውነትም መጣ። ግን ለሁሉም ሲዳረስ ለትዕዛዙ የደረሰው የማሳውን አንድ ጥግ አንጥቶ አለቀ። በዚያ ጥግ ገብሱ አማረ። ትዕዛዙ ሄዶ ሄዶ እዚያች ጥግ ላይ ይቆምና ሙሉ ማሳ እንዳለው ሰው ይንጎራደዳል።

ሽታዬ ቆርጣ የተነሳችው በዚያው ዓመት ነው። ቆሰበር ገበያ ላይ (እንጅባራ የሚሉት ሚኒባስ የሚሳፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ለእሷ ቆሰበር ነው) አንዲት የፋግታ ሴት አገኘች። ሴትየዋ ከእሷ የባሰ መሬት የነበራት ናት፤ አሁን ግን ቤቷን ቆርቆሮ አልብሳለች። ምን ብትዘራ እንደሆነ ስትጠይቃት «ዲከረንስ» አለቻት። ቅጠሉ እንደ ላባ የሳሳ፣ ቶሎ የሚመዘዝ ዛፍ ነው። በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ይከስልና አዲስ አበባ ይሄዳል።

«የአዲስ አበባ ሰው» አለች ሴትየዋ፣ «እኛ ምን እንደምንበላ አይጠይቅም። እሱ የሚያበስልበትን ነው የሚፈልግ።»

ሽታዬ ማታ ቤቷ ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ነገሩን ጀመረች።

«ትዕዛዙ፣ ዘንድሮ ዛፍ እንተክላለን።»

«የት?»

«ገብሱ የሚሞትበት ላይ።»

«በሬዎቼስ?»

«ጥላ ሥር ይተኛሉ። ከዚህ እርሻ ያገኙት ነገር ስለሌለ አይቆጫቸውም።»

ትዕዛዙ ሚስቱ ስታቅተው የሚሄድበት አንድ ቦታ አለ፤ በጥሊሊ በኩል ያገባችው ታላቅ እህቱ ውብአየሁ ዘንድ። ውብአየሁ ድንችና ገብስ የምታመርት፣ ቁመቷም ቁጣዋም ከወንድሟ የሚበልጥ ሴት ናት። በማግስቱ ዱላዋን ይዛ ደረሰች።

«የአባቴን ማሳ ጫካ ልታደርጊው ነው አሉ። ዛፍ ይበላል?»

«አይበላም፣ እትዬ ውብአየሁ። ግን ገብሱም አልተበላም። ዛፉ ቢያንስ ሲያድግ ይታያል።»

«የጅብ ማደሪያ ያድርግልሽ!»

«አሜን። ጅብ እንኳ የሚያድረው ደህና ቤት ሲያገኝ ነው።»

ውብአየሁ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ተመለሰች። እርግማኑ ግን ያዘ። ዛፉ አድጎ ጥላው ሲጠና ጅብም ዝንጀሮም ገባበት፤ ጅቡ የጎረቤት ውሻ በላ፣ ዝንጀሮው የጓሮ ጎመን ጨረሰ። ሽታዬ ሁለቱንም በአገውኛ ትሰድባቸው ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ትዕዛዙን ለማጽናናት በችግኙ መካከል ገብስ ዘሩ። በሁለተኛው ጥላው ከለከለ። ከዚያ በኋላ ሳር ብቻ ሆነ፣ ላሟ ወፈረች፣ በሬዎቹ ሥራ ፈቱ። ሥራ የፈታ በሬ ደግሞ የሚበላ እንግዳ ነው፤ ተሸጡ። ትዕዛዙ ከገበያ ሲመለስ ቀንበሩን ብቻ ተሸክሞ ገባና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቃል አልተናገረም። ሽታዬ በልቧ አዘነችለት፤ በአፏ ግን «ምን ያለ ሰላም ነው!» አለች።

ዛፉ ሲደርስ ማክሰሉን ራሷ ተማረች። ግንዱ ተቆራርጦ ይከመራል፣ ሳርና አፈር ይለብሳል፣ በአንድ በኩል እሳት ይገባለታል፣ ከዚያ ለቀናት ውስጥ ለውስጥ እንዲጨስ ይጠበቃል። አፈሩ ከተቀደደና አየር ከገባ ሁሉም ነድዶ አመድ ይሆናል። ሽታዬ ክምሩን እንደ አራስ ልጅ እየዳበሰች ስትጠብቅ ፊቷ ጠቁሮ፣ ልብሷ ጭስ ጭስ ይላል። መንደሩ «ስሟ ገና አሁን ደረሰላት» አላት። ቄሱ፣ አባ እንየው፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠርተው ገሠጿት።

«አንቺ ሴት፣ እኔ ከማጥንበት ጽና የአንቺ ጭስ በለጠ። እግዜር የሰጠውን መሬት እንዲህ ያቃጥሉታል?»

«አባቴ፣ የእርስዎም ማሳ እንደኔው ቢጫ ነው። እግዜር ለሁለታችን አንድ ዓይነት ነው የሰጠን።»

በሚቀጥለው ክረምት የአባ እንየው ማሳ በዲከረንስ ችግኝ ተሸፍኖ ታየ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጭስ የተሰበከ ስብከት የለም።

ሽታዬ ቤቷን ቆርቆሮ አለበሰች። ልጇን ዮዲትን ዳንግላ ልካ አስተማረች። ይህን ያየ ጎረቤት ሁሉ ማሳውን ወደ ጫካ ለወጠ። በ2007 ዓ.ም. ከአስፋልቱ ላይ ቆሞ እስከ ሐይቁ አፋፍ ድረስ ለሚያይ ሰው፣ ዓይን የሚያርፍበት የገብስ ማሳ ጠፋ። አይሱዙ ከሰል ጭኖ ይወጣል፣ የእህል ነጋዴ ጤፍና በቆሎ ጭኖ ይገባል። ሰዉ «ከሰሉ እህል ሆኖ ይመለሳል» ይል ነበር።

እንግዶች መምጣት የጀመሩትም ያኔ ነው። መጀመሪያ የመጡት ሰዎች ሽታዬን እንጅባራ አዳራሽ አስጠሯትና ዛፍ የአየር ንብረትን እንዴት እንደሚጠብቅ አስረድተው፣ ከመድረክ አቁመው አስጨበጨቡላት። ቲሸርትና ኮፍያም ሰጧት። ቲሸርቱን ትዕዛዙ ለበሰው። በሁለተኛው ዓመት ሌሎች እንግዶች መጡ፤ አዳራሹ ያው ነው፣ ለስላሳው ያው ነው። እነዚህኞቹ ደግሞ የሚጨስ ክምር ፊልም በግድግዳ ላይ እያሳዩ ከሰል አየሩን እንደሚበክል፣ ምድርን እንደሚያሞቅ ተናገሩ። ሽታዬ እጇን አወጣች።

«አምና እዚሁ ቆሜ ዛፍ ስለተከልሽ ሰማይን አዳንሽው ተባልኩ። ዘንድሮ ዛፉን ስላከሰልሽ ሰማይን ገደልሽው ተባልኩ። ለመሆኑ ይህ ሰማይ የእኔ ጓሮ ላይ ብቻ ነው ያለው? ደግሞስ ምድር ሞቀች የምትሉ፣ እስቲ በሐምሌ ዘንገና መጥታችሁ እደሩ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እንግዳው ሰውዬ አብሮ ሳቀና፣ ሙቀቱ የሚለካው በአንድ ሌሊት ብርድ ሳይሆን ዝናቡ ጊዜውን በመሳቱ መሆኑን ነገራት። ሽታዬ የግንቦቱን ዝናብ አስታውሳ ለስላሳዋን ጠጣች።

ወደ መንደር ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውነት ነበር።

«እትዬ ሽታዬ፣ በሰው አገር መኪና በቆሎ ይጠጣል ያሉትን ሰሙ?»

«በቆሎ የሚጠጣ? እንግዲያው የትዕዛዙ ዘመድ ነዋ!»

ትዕዛዙ አረቄ እንደሚወድ አገር ያውቃል። ሰውነት ሳቁን ጨርሶ ነገሩን አስረዳት። በቆሎው ተብላልቶ እንደ አረቄ ይወጣል፣ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ መኪና ይነዳበታል። እርሻው ለመኪና ሲታረስ ለሰው የሚተርፈው እህል ያንሳል፣ ይወደዳል፤ ትልልቅ ሰዎች እየተጨቃጨቁበት ነው።

«ቂሎች ናቸው!» አለች ሽታዬ። «እህል በሚበቅልበት መሬት ላይ ነዳጅ ይዘራል?»

ሰውነት ፊቱን ወደ ውጭ መለሰ። በባጃጁ በግራም በቀኝም የሚያልፈውን ጫካ እያየ ነበር። ሽታዬ ዓይኑን ተከትላ አየች። የእሷ ዛፍ፣ የአባ እንየው ዛፍ፣ የጎረቤት ዛፍ፣ በመሐሉ ደግሞ የሚጨስ ክምር።

«ዝም በል» አለችው።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ዝም ያልከው ዝምታ ይሰማል። እሱንም ዝም በል።»

ሰውነት ግን ሲወርድ ቆም ብሎ፣ «ቢያንስ ሩቡን ለእህል ይተዉት» አላት። ሽታዬ «እህልማ ይገዛል» ብላ ተሰናበተችው።

በ2008 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል በአገሩ ሁከት ተነስቶ መንገድ ተዘጋ። አይሱዙ ቀረ። የእህል ነጋዴም ቀረ። ሰዉ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን መስሎት ከሰሉን በጆንያ እየሞላ በየደጁ መደርደሩን ቀጠለ። ቀኑ ሲገፋ ጎታው ወለሉ ታየ። የቆሰበር ገበያ ሄደው የተመለሱ ሴቶች ጨውና ሚጥሚጣ ይዘው ገቡ፤ ሌላ የሚሸጥ አልነበረም። አንዲት ጎረቤት ዱቄት ልትበደር ሽታዬ ቤት መጣች። ሽታዬ ደግሞ ልትበደር ወደ እሷ ለመውጣት ነጠላዋን እያጣፋች ነበር። በር ላይ ተያዩ።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«አንቺ የፈለግሽውን።»

ሁለቱም ደጃፉ ላይ ከተደረደረው ከሰል ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ሽታዬ ስትስቅ ሆዷ ጮኸ፤ ያም ጨምሮ አሳቃቸው። በመንደሩ ከዳር እስከ ዳር የማይጠፋ እሳት አለ፣ ድስትም አለ፣ ውኃም ከሐይቁ እስከ ሰማዩ ሞልቷል። የሚጣድ ብቻ ጠፋ።

አባ እንየው እሑድ ቆሙና፣ ጳጉሜ ላይ የሚጾመውን ጾመ ዮዲት ምእመናን ሁሉ እንዲጾሙት አጥብቀው መከሩ። ከዚያ በፊት ይህን ጾም ሲያነሱ የሰማ የለም።

«አባቴ» አለቻቸው ሽታዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ «ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ ቤት የመጣችው ዮዲት ጾም አታውቅም። በቀን ሦስቴ ነው የምትበላ።»

«ልጄ» አሉ አባ እንየው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከተገኘ ለእኔም ላኪልኝ።»

ያን ዕለት ማታ ዮዲት የተቀቀለ ጎመን ብቻ በልታ ተኛች። ዝንጀሮ ያስተረፈው ጎመን ነው። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ሽታዬን የጎዳት ይህ ነው። ጮክ ብላ ብታማርር ኖሮ መልስ አታጣላትም ነበር። ትዕዛዙ ከምድጃው ማዶ ተቀምጦ ግድግዳውን፣ ቀንበሩ ያለበትን ቦታ ያያል።

«ተናገር» አለችው። «ነግሬሽ ነበር በል።»

«አልነገርኩሽም» አለ ትዕዛዙ። «እኔ ስለ በሬዎቹ እንጂ ስለ መብል አላሰብኩም።»

ሽታዬ ባሏን ለብዙ ጊዜ እንዳላየችው ሰው አየችው። ከዚያ «ነገ ጋሪ ተዋስ» አለችው። «እትዬ ውብአየሁ ዘንድ እንሄዳለን።»

ለመኪና የተዘጋ መንገድ ለፈረስ አይዘጋም። ከሰል በጋሪ ጭነው፣ ጭቃው ላይ ሲደርሱ እየወረዱ፣ ሲሻል እየወጡ ሄዱ። ሽታዬ መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር። ሲደርሱ ግን ውብአየሁ ከድንች ማሳዋ ቀና ብላ አየቻቸውና ቀደመቻት።

«የጫካው እመቤት መጡ! ምን ጭነሻል?»

«ከሰል ነው፣ እትዬ። በድንች ይለውጡልናል ብለን ነው።»

«ምን ላድርገው? ኩበት አለኝ፣ ጭራሮ አለኝ። ከሰል እንደሆነ አይበላ!»

ሽታዬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበላትን ስድብ ሳትመልስ ዋጠችው። ባዶ ሆድ ላይ ከበዳት። ውብአየሁ ይህን አይታ ፊቷ ለወጥ አለ፤ ወደ ማሳው እያመለከተች፣ «ድንቹ ያው መሬት ውስጥ ነው። ዶማውም ያው። ቆፍሩ» አለች።

ቆፈሩ። ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከታች ሆኖ እስከ ቀትር ቆፈሩ። ትዕዛዙ ከአፈር ጋር በመገናኘቱ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል፤ ሽታዬ ወገቧን ይዛ ድንቹንም ባሏንም የባል እህት የሚባል ዘመድ የፈጠረውንም ስትረግም ዋለች። ቀትር ላይ ውብአየሁ የተቀቀለ ድንች በሰፌድ ይዛ መጣች። ሽታዬ ቁጭ ሳትል፣ እጇን ሳትታጠብ፣ ልጣጩን ሳትልጥ በላች። «ጨው አለ» ሲሏት ሦስተኛውን ጨርሳ ነበር።

ዝናቡ ሲብስ ወደ ቤት ገቡ። ቤቱ የሳር ክዳን ነው፤ ያፈስሳል። እዚህም ቅል፣ እዚያም ድስት ተቀምጦ ጠብ ጠብ ይላል፤ አንዱ ጠብታ የውብአየሁ መደብ ላይ ነው። ውብአየሁ ወንድሟን «ፈረሱን እየው እስቲ» ብላ አስወጣችውና ወደ ሽታዬ ተጠጋች።

«ለመሆኑ» አለች በሹክሹክታ፣ «ያ ዛፍሽ... ቤት ቆርቆሮ ለማልበስ የሚበቃው ምን ያህል ማሳ ቢተክሉት ነው?»

ሽታዬ የበላችው ድንች ጉልበት ሆኖ ወደ ምላሷ ሲወጣ ታወቃት።

«እትዬ ውብአየሁ! እርስዎ? ጫካ ሊያደርጉት? ዛፍ ይበላል እንዴ?»

«ጮክ አትበይ! ወንድሜ ይሰማል።» ውብአየሁ የሚያፈስሰውን ክዳን ቀና ብላ አየች። «ጣሪያም አይበላም። የፈሰሰበት ሰው ግን ያውቀዋል።»

ሽታዬ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ሴትየዋ ስድሳ ሊሞላት ነው፤ በየክረምቱ መደቧን እየገፋች ከጠብታው ስትሸሽ የኖረች ናት። አገር የሚያበላ ድንች አላት፣ ደረቅ መኝታ ግን የላትም።

«ላይኛውን ማሳ፣ ገብስ እምቢ ያለበትን ብቻ ይትከሉ» አለቻት። «ችግኙን እኔ አመጣለሁ፣ ማክሰሉንም አሳይዎታለሁ። የድንቹን ማሳ የነኩ እንደሆነ ግን እኔው መጥቼ ነው የምነቅለው። ሁሉም ሰው እንደኔ ብልህ ከሆነ ማን ሊያበላን ነው?»

ጋሪው ድንች ሞልቶ ተመለሰ። ሽታዬ ደጇ ላይ ቆማ ለየጎረቤቱ በቁና አከፋፈለች፤ ከድንቹ ጋር ለእያንዳንዱ የሚገባውን ስድብ መርቃ ነው። ወረፋው መጨረሻ ላይ ሰውነት ቆሟል። ደሞዙ ባንክ ነበር፣ ባንኩ ደግሞ ዝግ ነው።

«አንተም?» አለችው።

«እኔም።»

«እስቲ ሩቡን ለእህል ይተዉት በለኝ።»

«ርቦኛል እትዬ ሽታዬ።»

ሳትሰድበው አንድ ቁና ጨምራ ሰጠችው። ለአባ እንየው በዮዲት እጅ ላከችላቸው፤ እሳቸውም ጾመ ዮዲት የፈቃድ ጾም መሆኑን በዚያው አስታወሱ።

መንገዱ ሲከፈት አይሱዙው መጣና ከሰሉን ጠረገው፤ እህሉም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ተለወጠ ማለት ይከብዳል። አንዳንዱ ትንሽ መሬት ለድንች ከለለ፣ ብዙው ያን ጊዜ እንደ ቀልድ እያወራ ዛፉን ይተክላል። ሽታዬም መትከሏን አልተወችም። ዛፍ ያቆመላትን ቤት ለወሬ ብላ አትክድም። ነገር ግን የመጀመሪያው ማሳ ተቆርጦ ጉቶው ሲነቀል፣ ትዕዛዙ አፈሩን ዘግኖ አሸተተና ጠራት። አፈሩ ጠቁሯል፤ ቅጠሉ ለዓመታት ሲረግፍበት ኖሮ ለስልሷል። ሰውነትም መጥቶ አየው፤ የዛፉ ሥር መሬቱን ጠግኖት ሊሆን እንደሚችል፣ እርግጠኛ ለመሆን ግን መመርመር እንደሚሻል ተናገረ። ትዕዛዙ ምርመራውን አልጠበቀም። ገና በሬ ስላልነበረው የጎረቤት ፈረስ ጠምዶ ገብስ ዘራ። ፈረሱ እንደ በሬ አይገራምና ትልሙ እንደ እባብ ተጠማዘዘ፤ መንገደኛም ቆሞ አየው፣ በሌላ ምክንያት። ገብሱ ግን ጡት ደረሰ።

እንግዲህ አሁን ማሳው ለሁለት ተከፍሏል፤ ላዩ የሽታዬ ዛፍ፣ ታቹ የትዕዛዙ ገብስ። ድንበሩ በሽማግሌ ፊት ተወስኗል። ይሁንና ትዕዛዙ በየዓመቱ ሲያርስ እጁ ሳይታወቀው አንድ ትልም ወደ ላይ ይገፋል፤ ሽታዬ ደግሞ ችግኝ ስትተክል እግሯ ሳይታወቃት አንድ መስመር ወደ ታች ትወርዳለች። በዓመት አንድ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ የሚጣሉት ጠብ አገር የሚሰማው ነው።

አንድ የመስከረም ጧት ድንበሩ ላይ ስትደርስ ትዕዛዙ ከችግኞቿ ሁለቱን ነቅሎ በእጁ እንደያዘ አገኘችው።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«አረም መስሎኝ።»

ሽታዬ በአገውኛ ጀመረችው፤ ሰባት ቤቱን አዳረሰችው። እሱ እስክትጨርስ ጠብቆ፣ ከገብሱ እሸት ቀንጥሶ በመዳፉ አሸና እፍ ብሎ ዘረጋላት። ተቀበለችውና ቃመችው።

«ገና ነው» አለች እያኘከች። «ሳይደርስ ነው የቀጠፍከው።»

«እህ።»

«ጨምርልኝ እስቲ።»